የአውሮፕላን ኮምፒውተር፦ ድሬ ላይ የሚወራውና እውነታው

«አንድ ኮምፒውተር ሁሉን ከያዘ፣ እሱ ሲበላሽ አለቀልን!»

ከዚራ ጥላ ስር ሻይ ይዞ የሚያወራ ሁሉ ይህን ይላል። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ድሮ ለነዳጁ አንድ የኮምፒውተር ሳጥን፣ ለብሬኩ ሌላ ሳጥን ነበር። ቦይንግ 777 በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ብዙ ሥራዎች ወደ ጋራ ካቢኔት (ብዙ ኮምፒውተሮች አብረው የሚሰኩበት ሳጥን) ገቡ። ኤርባስ ኤ380 እና ድሪምላይነር (787) ደግሞ ነገሩን አሰፉት።

ግን ካቢኔቱ አንድ ብቻ አይደለም። 787 ላይ ሁለት ናቸው፤ በየውስጣቸውም በርካታ የፕሮሰሰር ሞጁሎች፣ ማለትም ተነቅለው የሚቀየሩ የኮምፒውተር ክፍሎች፣ አሉ። አንድ ሞጁል ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም አይነካኩም። አንድ ግቢ እንደሚጋሩ ተከራዮች ናቸው፤ የአንዱ ወጥ ቢያር የጎረቤቱ እራት አይቀርም። እያንዳንዱ የራሱ የሜሞሪ ክልል፣ በሚሊሰከንድ የተቆረጠ የራሱ ተራ አለው። ተራው ካለቀ «ትንሽ ቀረኝ» ብሎ ነገር የለም፤ ፕሮሰሰሩ ለቀጣዩ ይሰጣል። ደንቡ የተጻፈው አሪንክ 653 በሚባል ስታንዳርድ ነው።

«የአውሮፕላን ኮምፒውተር እንደ ስልክ ሪስታርት አይፈልግም»

ይፈልጋል እንጂ! በ2017 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ አንዳንድ የኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች ኤሌክትሪካቸው ሳይቋረጥ 149 ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ጠፍቶ እንደገና እንዲበራ አዘዘ። በ2020 ደግሞ የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለ787 ተመሳሳይ ትእዛዝ አወጣ፤ ገደቡ 51 ቀን ነበር። ከዚያ ካለፈ ያረጀ መረጃን ለይቶ የሚጥለው ጥበቃ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ አሮጌ ቁጥር አዲስ መስሎ አብራሪው ፊት ሊቀርብ ነው። በእኔ እይታ ከመበላሸት የሚከፋው ይሄ ነው፤ የተበላሸ ነገር ቢያንስ ያስታውቃል። አጥፍቶ ማብራቱ መሬት ላይ ነው የሚደረገው፣ አትደንግጡ።

«ሞጁል ከሆነ ከታይዋን ገዝቶ መቀየር ነው»

የድሬ ታይዋን ገበያ ብዙ ነገር ይገኝበታል፤ ይሄ ግን አይሆንም። ቴክኒሻኑ ሞጁሉን ስቦ አውጥቶ ሌላ ይከታል፤ እስከዚህ ቀላል ነው። ሕጋዊ ሰርተፊኬት የሌለው ዕቃ ግን አይገጠምም። ሶፍትዌሩ ራሱ የፓርት ቁጥር አለው፤ ለዚያ አውሮፕላን ከተፈቀደው ጋር መግጠም አለበት።

«ፕሮሰሰሩ የዘመኑ ፈጣን ነው»

በፍጥነት ከሆነ ኪሳችሁ ያለው ስልክ ሊበልጠው ይችላል። እዚህ የሚፈለገው በተባለው ሰዓት የሚጨርስ፣ ጠባዩ በደንብ የታወቀ ቺፕ ነው።

«ፕሮፔለር ያለው አሮጌ ነው»

ወደ ድሬ የሚመላለሰው ኪው400 የሚባለው አውሮፕላን ፕሮፔለር አለው። የበረራ ኮምፒውተሮቹ ግን በሁለት የጋራ ካቢኔቶች ውስጥ የተሰኩ ሞጁሎች ናቸው።