«የነጭ ፍልስፍና ለስደተኛ ልጅ ምን ይሠራለታል?»

ሐዋሳ ውስጥ ዘመድ አሜሪካ ያለው ሰው ቡና ላይ ሲቀመጥ፣ ወሬው ዞሮ እዚህ ይደርሳል፦ «እዚያ የተወለዱት ልጆቻችን ፕሌቶንና ሎክን የመሰሉ የምዕራብ ፈላስፎችን ይማራሉ። ምን ሊያደርግላቸው?» መጠየቁስ ተገቢ ነው። ችግሩ ከጥያቄው ጋር ተያይዘው የሚመጡት ግምቶች ናቸው።

«የነጮች ቅርስ ነው»
የምዕራቡን ክርስትና አስተሳሰብ ከቀረጹት ዋነኛው አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ354 የተወለደው በዛሬዋ አልጄሪያ ነው። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን የግሪኩን ፈላስፋ አርስቶትልን የተረዱት በኮርዶባው ሙስሊም በኢብን ሩሽድ ማብራሪያ ጭምር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በልጅነቱ ከዛሬዋ ጋና የተወሰደው አንቶን ቪልሄልም አሞ ጀርመን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና አስተምሯል።

«ያደነቀው ሰው ጥፋቱን ይሸፍናል»
ሎክ ስለ ነፃነት የጻፈ ሰው ነው፤ በባሪያ ንግድ ኩባንያም አክሲዮን ነበረው። ይህን የሚዘል መምህር ግማሹን ነው ያስተማረው። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ግን እ.ኤ.አ. በ1852 አሜሪካውያንን የወቀሰው ከእንግሊዝ ነፃ የወጡበትን የራሳቸውን አዋጅ ይዞ ነው።

«የተማረው ስደተኛ ለባለአገሩ ይገዛል»
ተገላቢጦሹን የሚያሳይ ታሪክ አለ። ዎንግ ኪም አርክ ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1895 ቻይና ደርሶ ሲመለስ «ዜጋ አይደለህም» ተብሎ ወደቡ ላይ ታገደ። ክርክሩ የቆመው አሜሪካ የተወለደን ዜጋ በሚያደርገው፣ በ1868 በጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ነበር፤ ዳኞቹም ትርጉሙን ፍለጋ ወደ ጥንቱ የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ወረዱ። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ2 ፈረደለት። እዚያ የተወለዱ የስንቱ ሐበሻ ልጆች ዜግነት ያረፈው በዚህ ፍርድ ላይ ነው! እኔን ከጠየቃችሁ፣ ስደተኛ ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ይፈልገዋል፤ የሚከራከርበት ቋንቋ ነውና።

«ለእኛ ባዕድ ነው»
ይሄኛው ይገርመኛል። አባቶቻችን የዳኙበት ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብጽ ውስጥ በዓረብኛ ሲዘጋጅ፣ ከሮማና ከቢዛንታይን ሕግ ብዙ ወስዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ደግሞ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነው። ሐዋሳ ራሷ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው የተሞላች ከተማ ናት። ከወላይታ የመጣ ነጋዴና ከጉራጌ የመጣ ባለሱቅ በዱቤ ውል ቢጣሉ፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ይገባል፤ ካልሆነ ዳኛው ያንን ሕግ ይገልጣል፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ሳይጠይቅ።