የዝርያ ስም የሚጸናው በሥዕሉ ነው ወይስ በእንስሳው?

አንድ የእንስሳ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው፣ ስሙ ከአንድ የተለየ ናሙና ጋር ይቆራኛል፤ ኋላ ክርክር ቢነሳ ተመራማሪው ተመልሶ የሚመረምረው ያንኑ ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ግን ስም አውጪው እንስሳውን ሳያይ ከሥዕል ብቻ ተነስቶ ስም የሰጠ እንደሆነ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህ የተለመደ ነበር። እንግሊዛዊው ማርክ ኬትስቢ የሰሜን አሜሪካን አዕዋፍ ከጥቂቶቹ በቀር በሕይወት እያሉ ይሥል ነበር፤ ዓሣ ግን ከውኃ ሲወጣ ቀለሙ ስለሚለወጥ ተተኪ ዓሣ እያስመጣ ይሠራ ነበር። ከሥዕሎቹ አንዱ አካሉ አረንጓዴ፣ ራሱ ቢጫ፣ ግንባሩ ወደ ቀይ የሚያደላውን የካሮላይና በቀቀን ያሳያል፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1758 ለዚህ ወፍ ስም ሲያወጣ የኬትስቢን ሥዕል በመረጃነት ጠቅሷል።

ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ እንዲህ ባለው ጊዜ ስሙን የሚሸከመው የተሣለው እንስሳ እንጂ ሥዕሉ አይደለም ይላል፤ እንስሳው ዛሬ የትም ባይገኝም ስሙ በዚህ ብቻ አይፈርስም። ድንጋጌው ተገቢ ይመስለኛል፤ የዘመኑ ኅትመቶች ቀለም በእጅ ይቀቡ ስለነበር አንዱ ቅጂ ከሌላው ሊለይ ይችላል፣ ሥዕሉ ራሱ ናሙና ቢሆን ኖሮ የቀለም ቀቢው ስሕተት የዝርያው መለያ ሆኖ በቀረ ነበር። የዝርያው ማንነት በእርግጥ አከራካሪ ሲሆንና የመጀመሪያው ናሙና ሲጠፋ፣ ደንቡ ሌላ ናሙና በምትኩ እንዲሰየም ይፈቅዳል።