ጊጋው ሲላመድ ለምን ይደክማል?

«አርክ፦ ሰርቫይቫል ኢቮልቭድ» የሚባለው ጌም ላይ ጀማሪውን ሁሉ የሚያናድድ ነገር አለ። ጫካ ውስጥ ቡድናችሁን ሙልጭ አድርጎ የፈጀው ጊጋኖቶሳውረስ (ባጭሩ ጊጋ) የሚባለው ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር፣ ስታላምዱት ግማሹን እንኳ አይሆንም። ባግ (የጌሙ ስህተት) አይደለም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

የዱሩ ጊጋ መነሻ ጤና 80,000 ነው። የእናንተ በሆነ ቅጽበት ጤናውም የንክሻው ጉልበትም ክፉኛ ይቀነሳል። ባይቀነስ ኖሮ አንድ ጊጋ ያለው ተጫዋች ሰርቨሩን እንዳለ ይገዛው ነበር። ይህ አልበቃ ብሎ ቁጣም አለበት። ባንዴ ብዙ ጉዳት ከደረሰበት ጋላቢውን ጥሎ በራሱ ወገን ላይ ይነሳል። እኔን ጠይቁኝ!

ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር «የማላመድ ውጤታማነት» የሚባለው ፐርሰንት ነው። ብዙ ሰው ማላመዱ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ይመስለዋል። አይደለም። ስንት ተጨማሪ ሌቭል እንደምታገኙ ነው የሚነግራችሁ። የእንስሳው ሌቭል በፐርሰንቱ ይባዛል፣ ከዚያ ለሁለት ይካፈላል። ሌቭል 150 የሆነው በ100 ፐርሰንት ካለቀ 75 ተጨምሮ 225 ይሆናል። በ80 ካለቀ 210።

መጀመሪያ በማደንዘዣ ራሳቸውን ስተው፣ ከዚያ እየበሉ በሚላመዱት ላይ ፐርሰንቱ በበሉ ቁጥር ይወርዳል። በጥሬ ሥጋ ቶሎ ቶሎ፣ በሚወዱት ኪብል (ተቀምሞ በሚሠራ የእንስሳ መኖ) ግን ለአመል ያህል። ራሳቸውን ስተው ከተመቱም ይወርዳል። ስለዚህ አንዴ ከወደቀ በኋላ ጓደኛችሁ «ልድገመው» ብሎ ቀስት ሲያነሳ እጁን ያዙት። እንዳይነቃ ከፈራችሁ ናርኮቲክ (የጌሙን ማደንዘዣ መድኃኒት) አጉርሱት።