ኮሙና፦ የእስራኤል ወጣቶች የአገልግሎት ዓመት

በእስራኤል ብዙ ወጣት 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ የሚጠብቀው የውትድርና ጥሪ ነው። አንዳንዶች ግን ጥሪውን በአንድ ዓመት ያዘገዩና "ሽናት ሼሩት" ይገባሉ። የአገልግሎት ዓመት ማለት ነው። ልጆቹ "ሺንሺኒም" ይባላሉ። ይህ ዓመት ከውትድርናው ላይ አይቀነስም። ግዴታቸውን በኋላ ሙሉውን ይወጣሉ። የሚሰጡት በፈቃዳቸው የጨመሩትን ዓመት ነው፤ ያለ ደመወዝ፣ በኪስ ገንዘብ ብቻ።

ሥራቸው ይለያያል። ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ያስጠናሉ፣ የወጣት ክበብ ይመራሉ፣ አዳሪ የወጣቶች መንደር ውስጥ ከልጆቹ ጋር ይውላሉ ያድራሉ። ብዙዎቹ የሚመደቡት ከቤታቸው ርቀው ነው።

እኔን ከሥራው እኩል የሚገርመኝ ቤቱ ነው። ወንዶችና ሴቶች አብረው አንድ ቤት ይሰጣቸዋል፤ "ኮሙና" ይሉታል። ወጪው የሚሸፈነው "ኩፓ" ከሚባል የጋራ ካዝና ነው። ዕቁብ እንዳይመስላችሁ። በዕቁብ ተራው የደረሰው ጠቅልሎ ይወስዳል። በኩፓ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የሁሉም አስቤዛ ከአንድ ኪስ ይወጣል። ተራ ያለው ምግብ ለማብሰልና ዕቃ ለማጠብ ነው። ስብሰባም ይበዛል። "ማነው ሳህኑን ሳያጥብ የተኛው?" ከሚለው ጀምሮ "ያ ልጅ ትምህርት ቤት ከቀረ ሳምንት ሆነው፣ ምን እናድርግ?" እስከሚለው ድረስ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይነሳል። ትናንት እናቱ ያቀረበችለትን ሲበላ የነበረ ልጅ፣ ቤት እንዴት እንደሚተዳደር የሚገባው እዚህ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኪቡጽ ንብረትና ሥራ የጋራ የሆነበት የእርሻ መንደር ነው፤ የመጀመሪያው ደጋንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እንደ ሃሾሜር ሃጻዒር ያሉ የወጣት ንቅናቄዎች አባሎቻቸውን "ጋሪን" በሚባል ቡድን አደራጅተው ወደ ኪቡጽ ይልኩ ነበር። ቃሉ ፍሬ ወይም ዘር ማለት ነው። በኋላ አንዳንዶች ከእርሻው ይልቅ ወደ ከተማ አዘነበሉ። በ1987 በስዴሮት የተመሠረተው የከተማ ኪቡጽ ሚግቫን አንዱ ነው። ከሃይማኖተኛ ቤት የወጡ ብዙ ሴቶች ደግሞ በውትድርናው ፋንታ "ሼሩት ሌኡሚ" የሚባለውን ብሔራዊ አገልግሎት ይመርጣሉ። ከእነሱም ብዙዎቹ በጋራ አፓርታማ ይኖራሉ።

ከ1984 እስከ 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ከኢትዮጵያ የገቡ ቤተሰቦች፣ ከእነሱም በኋላ የመጡት፣ እንዲህ ያሉ በጎ ፈቃደኞችን በ"መርካዝ ክሊታ"፣ በመቀበያ ማዕከሉ ማለት ነው፣ ያውቋቸዋል። ዛሬ የእነዚያ ቤተሰቦች ልጆችም ራሳቸው አገልጋይ ሆነው ይወጣሉ። ነገር ግን አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ለሁሉም ቤት እኩል አይቀልም። ልጁ ሠርቶ ያግዘናል ብለው የሚጠብቁ እናትና አባት፣ "አንድ ዓመት በነፃ ላገለግል ነው" ሲላቸው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ለእንዲህ ዓይነት ቤት ልጆች የኪስ ገንዘቡ ከፍ ቢል፣ ብዙ ኮሙናዎች የሚያገለግሉትን ሰፈር ይበልጥ ይመስሉ ነበር ብዬ አምናለሁ።