ሄሊዮስ 44-2፦ የድሮ ሌንስን በዲጂታል ካሜራ መፈተሽ

ሄሊዮስ 44-2 ለዜኒት ካሜራዎች የተሠራ የሶቭየት ሌንስ ነው። የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ኤፍ 2 ነው። ውስጡ 6 ብርጭቆዎች በ4 ምድብ ተደርድረዋል። የአፐርቸሩ ቅጠሎች 8 ናቸው። አውቶ ፎከስ የለውም፣ የኤሌክትሪክ ግንኙነትም የለውም፤ ሁሉም ነገር በእጅ ነው። እንዲያም ሆኖ ዛሬ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ሚረርለስ ካሜራ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለው ዲጂታል ካሜራ፣ ላይ ከሚገጠሙት የድሮ ሌንሶች መካከል በጣም ከሚታወቁት አንዱ ነው።

ዘሩ የሚቆጠረው ከጀርመን ነው። ቪሊ ሜርቴ የተባለው የካርል ዛይስ የሌንስ ንድፍ ባለሙያ በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቢዮታር የሚባለውን ንድፍ አወጣ። 58 ሚሊ ሜትሩ ቢዮታር ደግሞ በ1930ዎቹ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቭየቶች የዛይስ ፋብሪካ ካለባት የጀርመኗ የና ከተማ መሣሪያና የንድፍ ሰነድ በጦር ካሳ ስም ወሰዱ። ሞስኮ አጠገብ ያለው፣ በ1942 የተቋቋመው የክራስኖጎርስክ ሜካኒካል ፋብሪካም ከዚህ ተነስቶ ሄሊዮስ 44ን ሠራ። ሌንሱ መጀመሪያ የወጣው በ1958 ስታርት ከተባለ ካሜራ ጋር ነው። “ቅጂ ነው” የሚሉ አሉ። የብርጭቆው አደራደር ያው መሆኑ አይካድም። ግን ስሌቱ በሶቭየት ብርጭቆ እንደገና ተሠርቷል፤ ስለዚህ ቅጂ ብሎ መዝጋት ውለታውን መብላት ነው።

44-2 በብዛት የተሰራጨው ከዜኒት ኢ ጋር ነው። ይህ ካሜራ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ሌንሱን ከክራስኖጎርስክ ሌላ በቤላሩስና በቫልዳይ ያሉ ፋብሪካዎችም ሠርተውታል። የክራስኖጎርስኩ ይሻላል ይባላል፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቭየት ከሄዱት አንዱ አጎቴ ነበር፣ ሲመለስ ዜኒት ኢ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። አድልዎ ካያችሁብኝ ከዚያ ነው።

በ1990ዎቹ አብዛኛው ሄሊዮስ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ያስነሳው ሚረርለስ ነው። የመጀመሪያው ማይክሮ ፎር ሰርድስ (አነስተኛ ሴንሰር ያለው የሚረርለስ ዓይነት) ካሜራ በ2008 ወጣ፣ የሶኒ ኔክስ በ2010፣ ባለ ሙሉ ፍሬም (የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል) ሴንሰሩ ሶኒ ኤ7 በ2013። ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው። ሄሊዮስ 44-2 የሚታሰረው ኤም 42 በሚባለው ጥርስ ነው፤ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ሌንሱ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ተደርጎ ተሠርቷል። በሶኒ ኢ ማውንት (የሶኒ ሚረርለስ የሌንስ መግጠሚያ) ይህ ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱን፣ 27.46 ሚሊ ሜትሩን፣ አዳፕተሩ ይሞላዋል። አዳፕተር ማለት ባዶ ቱቦ ነው፣ ብርጭቆ የለውም። የኒኮን ኤፍ (የኒኮን ባለ መስታወት ካሜራዎች መግጠሚያ) ርቀት ግን 46.5 ስለሆነ ለአዳፕተር ቦታ አይተርፍም፤ ያለ ማስተካከያ ብርጭቆ ሩቅ ነገር ጥርት አይልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈተሸው አዳፕተሩ ነው። “ይህ ሌንስ ደብዛዛ ነው” ከሚባለው ብዙው የአዳፕተር ጥፋት ነው ባይ ነኝ። ስሌቱ ቀላል ነው። አዳፕተሩ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከወፈረ የሌንሱ የመጨረሻ ፎከስ 34 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራም አንቴናም ይደበዝዛል። ቀዳዳውን አጥብባችሁ በኤፍ 8 ካነሳችሁ ስህተቱ ይሸፈናል። ስለዚህ ፍተሻው በኤፍ 2 ነው፤ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጎ፣ ምስሉን በስክሪኑ አጉልቶ፣ ሹተሩን በ2 ሰከንድ ታይመር ለቆ። ብዙ አምራቾች ይህን ፈርተው አዳፕተሩን ሆን ብለው ትንሽ ያሳጥሩታል። ያኔ ሌንሱ ሩቁን አልፎ ይሄዳል፣ በላዩ የተጻፈው የርቀት ቁጥርም አይታመንም፣ ፎቶው ግን አይጎዳም።

አንዱ ጥግ ብቻ ሲደበዝዝስ? ጥፋቱ የሌንሱ ነው ወይስ የአዳፕተሩ? ሌንሱን ከአዳፕተሩ ግማሽ ዙር ፍቱት። በግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ስለሚወጣ ሩቁን ያጣል፣ ስለዚህ ቅርብ ያለ ጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ ላይ ፎከስ አድርጉ። ድብዛዜው ወደ ተቃራኒው ጥግ ከዞረ የሌንሱ ብርጭቆ ተዛንፏል። ካልተንቀሳቀሰ አዳፕተሩን ወይም ሌንስ የሚገጠምበትን የካሜራውን አፍ ጠርጥሩ። ጋዜጣው ራሱ ዘሞ ከተለጠፈ ግን ሁሉም ከንቱ ነው፤ እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በዚህ አቃጥያለሁ።

ፎቶ አልነሳም የሚል ካሜራ አልተበላሸም። ሌንስ መኖሩን አላወቀም ማለት ነው፣ በሜኑው ያለ ሌንስ ማንሳትን መፍቀድ ይበቃል። የካሜራው የንዝረት መከላከያ ላይ የትኩረት ርዝመቱን፣ 58ን፣ በእጅ ማስገባት አይረሳ። እንደ ሄሊዮስ 44ኤም-4 ላሉት አውቶማቲክ አፐርቸር ላላቸው ደግሞ ከኋላ ያለችውን ፒን የሚጫን ከንፈር ያለው አዳፕተር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አፐርቸሩ እንደተከፈተ ይቀራል። 44-2 ፒን ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ከመግዛት በፊት በስልክ መብራት ውስጡን ማየት ይገባል። የአፐርቸሩ ቅጠሎች ላይ ዘይት ቢታይ በ44-2 ብዙ አያሳስብም፣ አፐርቸሩ በእጅ ነው የሚዘጋው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ግን ይታለፍ። ክረምትን ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ያሳለፈ ሌንስ ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ውጤቱስ? በፋብሪካው ልኬት 44-2 መሃል ላይ በሚሊ ሜትር 38 መስመር፣ ዳር ላይ 20 ይለያል። ታናሹ 44ኤም-7 50 እና 30 ይደርሳል። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣች ምስሉ ይነጣል። ሰዎች የሚፈልጉት ግን ከኋላ ያለው የዛፍ ቅጠል እንደ አዙሪት ሲዞር ማየት ነው። ለዚያ ኤፍ 2፣ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ላይ የቆመ ሰው፣ ከኋላው ትንሽ ራቅ ያለ ዛፍ ያስፈልጋል። ሙሉ ፍሬም ላይ በደንብ ይታያል። ከሙሉ ፍሬም በሚያንሰው ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ላይ ሌንሱ እንደ 87 ሚሊ ሜትር ስለሚያሳይ ዳሩ ይቆረጣል፣ አዙሪቱም አብሮ ይሄዳል።