«ጭራቁ ካልሞተማ ፊልሙ አላለቀም»

አዳማ ውስጥ አጭር ፊልም ለመሥራት የሚሰባሰቡ ወጣቶች ሐዘንን በጭራቅ የሚያሳይ ፊልም ባዩ ቁጥር ይህቺ ቅሬታ አትቀርም። ሰለቸን።

ትንንሾቹን ስህተቶች እናስቀድም። «አስፈሪ ማለት ማስደንገጥ ነው»፦ አይደለም፤ ድንጋጤ ከድምፁ ጋር ያልፋል። «ጭራቅ ካለ ነገሩ የሰይጣን ነው»፦ ሁሌ አይደለም።

ወደ ዋናው እንምጣ። በዳይሬክተር ጄኒፈር ኬንት ፊልም «ዘ ባባዱክ» (እ.ኤ.አ. 2014) የአሚሊያ ባል የሞተው ለወሊድ ሆስፒታል ሊያደርሳት ሲነዳ በመኪና አደጋ ነው። የልጇ ልደትና የባሏ ሙት ዓመት በአንድ ቀን ይውላሉ። የባሏን ዕቃ ምድር ቤት ቆልፋበታለች። ጭራቁ ያለበትን መጽሐፍ ቀዳዳ ብትጥለውም ተጣብቆ ደጃፏ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ጭራቁ አይሞትም፤ ምድር ቤት ይኖራል፣ ከጓሮ የተለቀመ ትልም በሳህን ይወርድለታል። የልጁ ልደትም ያኔ ገና በቀኑ ይከበራል። ይህ ጎዶሎ መጨረሻ ከሆነ፣ ሰማንያ ወጥቶም ጥቁሯን ያላወለቀች እናት ምን ልትባል ነው? በሬሚ ዊክስ «ሂዝ ሀውስ» (እ.ኤ.አ. 2020) ደግሞ ጭራቁ ይገደላል፤ ሙታኑ ግን ከደቡብ ሱዳን ከተሰደዱት ባልና ሚስት ቤት አይወጡም።

«እንዲህ ያለ ፊልም ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል» የሚባለውም ሰበብ ነው። አንድ የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ይበቃል። መስኮቱን በጥቁር ብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ የጣሪያውን አምፖል አጥፉ፣ አንድ መብራት ብቻ ከጎን፣ ከወገብ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መብራቱ ከላይ ከመጣ ጨለማ ጥግ አይተርፍም፤ ያኔ ጭራቃችሁ አንሶላ የለበሰ ጓደኛችሁ መሆኑ ይታወቃል። በምትቀርጹበት ስልክ ላይ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ቆልፉ፤ አለበለዚያ ጨለማውን ራሱ እያበራ ጥቁሩን ነጠብጣብ የበዛበት ግራጫ ያደርገዋል። ፍሬም (በሴኮንድ የሚቀረጸው የምስል ብዛት) 25፣ ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ይሁን፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 50 ዙር የሚመላለስ) ስለሆነ በ1/60 ሲቀረጽ አንዳንድ አምፖል ሥር ምስሉ ይርገበገባል።

ጭራቁን ቶሎ አታሳዩ። መጀመሪያ በር ጀርባ የተሰቀለ የሟቹ ጋቢ ብቻ ይታይ፤ በሚቀጥለው ሾት ቦታ ቀይሮ ይገኝ። ታጥቦ የተተኮሰ ጋቢ ግን አይሆንም፣ የተለበሰ መሆኑ ከመጨማደዱ ይታወቅ። ለድምፁ ነፋስ የሌለበት ሰዓት ምረጡ፤ የአዳማ ነፋስ ቆርቆሮ ማንኳኳት ከጀመረ ሹክሹክታ አይሰማም። ከቀረጻው በኋላም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ለ30 ሴኮንድ ለብቻ ቅረጹ፤ ኤዲት ላይ የንግግሩን መቆራረጥ የሚሸፍንላችሁ እሱ ነው።