ይህ ወንበር የተያዘ ነው

ወገኖች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ባለፈው እሁድ ያየሁት ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። አንዲት እናት ማልደው መጥተው ከፊት ተቀምጠው ነበር። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ፣ "እማማ፣ ይህ ወንበር ለእንግዶች የተያዘ ነው" አላቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና በሩ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። እንግዶቹ ለሕንፃው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ናቸው። እኔም አይቼ ዝም አልኩ።

ቤት ስገባ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ከተማ፣ አርች ስትሪት ላይ ያለው የኩዌከሮች የመሰብሰቢያ ቤት ትዝ አለኝ። ኩዌከሮች በዝምታ ተቀምጠው የሚያመልኩ ክርስቲያኖች ናቸው፤ መንፈስ ያነሣሣው ሰው ብቻ ተነሥቶ ይናገራል። መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1701 የፔንስልቬንያ መሥራች ዊልያም ፔን ለመቃብር ቦታ ሰጣቸው። ቤቱን የነደፈው ኦወን ቢድል የተባለ አናጺ ነው። በ1803 ተጀምሮ የመጨረሻው ክንፍ በ1811 አለቀ። ጡብ ነው። ደወል የለው፣ መሠዊያ የለው፣ ሥዕል የለው። ያለው የእንጨት አግዳሚ ወንበር ነው። (ስፒከር ካልጮኸ ያመለክን ለማይመስለን ለእኛ ግራ ያጋባል።) ፊት ለፊት ወደ ሕዝቡ የዞሩ ከፍ ያሉ ወንበሮች አሉ፤ ድሮ ሽማግሌዎችና አገልጋዮች ይቀመጡባቸው ነበር።

እንዲህ ባለ ቤት አድልዎ የት ይደበቃል? እዚያው ወንበሩ ላይ።

ሣራ ማፕስ ዳግላስ ጥቁር መምህርት ነበረች። በ1837 በጻፈችው ደብዳቤ፣ እሷና እናቷ እዚያ ጉባኤ ለጥቁሮች በተለየ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ እንደተባሉ ትናገራለች። ነጭ ሰው እንዳይቀመጥበት በሁለቱም ጫፍ ጠባቂ ይቀመጥ ነበር። አጠገባቸው ለመቀመጥ የመጣውን ሰው "ይህ ወንበር ለጥቁሮች ነው" ሲሉት በአንድ ጉባኤ አምስት ስድስት ጊዜ ሰምታለች። አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ ትቆጣለች። የፊላደልፊያ ኩዌከሮች እኮ ገና በ1776 ባሪያ የያዘ አባል ከእኛ ይለይ ብለው የወሰኑ ናቸው!

ያዕቆብ ምን አለ? ድሀውን "አንተስ ወደዚያ ቁም ወይም ከእግሬ መረገጫ በታች ተቀመጥ" ብትሉት አለ (ያዕ. 2፥3)። ይህን ቃል እወደዋለሁ፤ እፈራዋለሁም። ልብ በሉ፣ ድሀውን ከበር አልመለሱትም። አስገቡት፣ ቦታም አሳዩት። የሚያመው ያሳዩት ቦታ ነው። ሣራንም ከደጅ የመለሳት የለም። እማማንም ማንም አላመናጨቃቸውም፤ ልጁ በትሕትና ነው ያስነሣቸው። እኛ አድልዎን በፈገግታ ማስተናገድ ተክነንበታል። ያዕቆብ ግን "ክፉ አሳብ ያላቸው ዳኞች" ብሎ ይጠራናል፤ ዝም ብዬ ያየሁትን እኔንም ጨምሮ።

እማማ፣ ይህን የሚያነብልዎት ልጅ ካለ፣ ይቅር ይበሉኝ። የፊቱን ወንበር ላስመልስልዎት አልችል ይሆናል። እሁድ ግን በሩ አጠገብ፣ ከጎንዎ መጥቼ እቀመጣለሁ።